የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ያተርፋል ወይስ ይከስራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንድ የቃል ጉዳይም አስቀድመን እናጥራ። በአማርኛ «አትሌቲክስ» ስንል ሩጫ፣ ዝላይና ውርወራ ማለታችን ነው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ቃሉ ስፖርትን ሁሉ ይጠቀልላል። ግራ እንዳያጋባ እዚህ «የስፖርት ክፍል» እንላለን። «ፉትቦል» የምንለውም በእጅ የሚያዘውን፣ የራስ ቁር ተደርጎ የሚጫወቱትን የአሜሪካውያኑን ጨዋታ ነው።

በአጭሩ፣ ያተርፋል ወይስ ይከስራል?

አብዛኛው ይከስራል። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የተባለው ማኅበር ወደ 1,100 የሚጠጉ አባል ትምህርት ቤቶች አሉት። ከኮቪድ በፊት በነበረው የመጨረሻ ሙሉ የሂሳብ ዓመት፣ በ2019፣ ራሱ ያመነጨው ገቢ ከወጪው የበለጠለት የስፖርት ክፍል ብዛት 25 ብቻ ነበር። ሃያ አምስቱም አምስቱ ኃያላን ኮንፈረንሶች ይባሉ ከነበሩት ውስጥ ናቸው፤ ኮንፈረንስ ማለት እርስ በርስ የሚወዳደሩ ትምህርት ቤቶች ስብስብ ነው። እነዚህን 25 በተርታ ብንደረድራቸው መሀል ላይ የሚገኘው ያተረፈው ወደ 8 ሚሊዮን ዶላር ነው። በእነዚያው ኃያላን ኮንፈረንሶች ውስጥ ያሉት ሌሎች 40 ትምህርት ቤቶች ግን፣ መሀል ላይ ያለው ወደ 16 ሚሊዮን ዶላር ጎድሎበታል።

ከኃያላኑ ወጥተው በከፍተኛው የፉትቦል ደረጃ የሚወዳደሩት የባሰ ላይ ናቸው፤ የመሀለኛው ጉድለት 23 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ከእነሱ ዝቅ ባለው የፉትቦል ደረጃ ያሉትም፣ ፉትቦል የሌላቸው የዲቪዥን አንድ (የማኅበሩ ከፍተኛው እርከን) ትምህርት ቤቶችም ወደ 14 ሚሊዮን ይጎድላቸዋል። እንግዲህ ትልቁን ኪሳራ የሚሸከመው መሀል ላይ ያለው ነው፤ ወጪው እንደ ትልልቆቹ፣ ገቢው እንደ ትንንሾቹ የሆነበት።

ስታዲየሙ መቶ ሺህ ሰው ይሞላል፣ ቴሌቪዥኑ በቢሊዮን ይከፍላል። ገንዘቡ የት ይገባል?

ገቢው እውነት ነው። በ1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማኅበሩ የፉትቦል ስርጭትን ብቻውን እንዳይቆጣጠር ከወሰነ ወዲህ ኮንፈረንሶች ጨዋታቸውን ራሳቸው ይሸጣሉ። ቢግ ቴን የተባለው ኮንፈረንስ በ2022 ከፎክስ፣ ከሲ.ቢ.ኤስ. እና ከኤን.ቢ.ሲ. ጋር ያደረገው የሰባት ዓመት ውል ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። በየመጋቢት የሚካሄደው የወንዶች ቅርጫት ኳስ ውድድርም እስከ 2032 ድረስ ተሽጧል፤ በ2016 የተፈረመው የስምንት ዓመት ማራዘሚያ ብቻውን 8.8 ቢሊዮን ዶላር ነው። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍል ዓመታዊ ገቢ ከ300 ሚሊዮን ዶላር አልፏል።

የሚያስከስረው ገንዘቡ የሚመራበት ሥርዓት ነው። የስፖርት ክፍል ባለአክሲዮን የለውም፤ ዓመቱ ሲዘጋ ትርፍ የሚካፈል ሰው የለም። ኃላፊው የሚመዘነው በድል ነው። ስለዚህ አምስት ሚሊዮን ትርፍ ያለ ሲመስል ያ ገንዘብ የተሻለ አሰልጣኝ፣ አዲስ የልምምድ አዳራሽ፣ ተጨማሪ ረዳት ሠራተኛ ይሆናል። ተፎካካሪው ያንኑ ሲያደርግ ደግሞ የሁለቱም ወጪ ይወጣል፣ የማሸነፍ ዕድላቸው ግን እዚያው ነው። በዚህ ዓለም ወጪን የሚወስነው ገቢው ነው፤ ገቢ ሲጨምር ወጪው ተከትሎት ይወጣል።

ውሎቹን ብቻ ማየት ይበቃል። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ በኅዳር 2023 የፉትቦል አሰልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት የውሉ ቀሪ ክፍያ ወደ 76 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ይህ ሁሉ ሥራውን እንዲያቆም ነው። ኦሃዮ ስቴት ደግሞ በ2024 የሂሳብ ዓመት 255 ሚሊዮን ገደማ አስገብቶ 292 ሚሊዮን ገደማ አወጣ። አንዱ ምክንያት በዚያ ወቅት በሜዳው የተጫወተው ስድስት ጨዋታ ብቻ መሆኑ ነው። በእንዲህ ያለ ስታዲየም አንድ የሜዳ ጨዋታ ሲቀር ሚሊዮኖች ይቀራሉ፤ ደመወዙ፣ ስኮላርሺፑና የዕዳ ክፍያው ግን በአንድ ጨዋታ አይቀንስም።

የትኛው ስፖርት ነው ገንዘብ የሚያመጣው?

ሁለት ብቻ ማለት ይቻላል፦ ፉትቦልና የወንዶች ቅርጫት ኳስ። የሴቶች ቅርጫት ኳስ፣ ሆኪ፣ ቤዝቦልና ቮሊቦል በተወሰኑ ትምህርት ቤቶች ወጪያቸውን ይሸፍናሉ፤ ባብዛኛው ግን አይሸፍኑም። ዋና፣ ቴኒስ፣ ጂምናስቲክስ፣ ትግል፣ ሩጫ፣ እነዚህ በሁለቱ ገንዘብ የሚኖሩ ናቸው።

«ታዲያ የማያተርፉትን ለምን አይዘጉም?» የሚል ሰው ሁለት ግድግዳ ይገጥመዋል። በከፍተኛው የፉትቦል ደረጃ ለመወዳደር ትምህርት ቤቱ ቢያንስ 16 ቡድኖች ሊኖሩት ይገባል። ከዚያም ታይትል ናይን የተባለው የ1972 የፌዴራል ሕግ አለ፤ ለሴቶች ተመጣጣኝ የመወዳደር ዕድል እንዲሰጥ ያስገድዳል። ፉትቦል ብቻውን ከመቶ በላይ ወንዶችን ስለሚይዝ ያንን የሚያመዛዝኑ የሴቶች ቡድኖች የግድ ናቸው። የሴቶች ስፖርት «ያከስራል» ተብሎ ሲወቀስ ይህን ማስታወስ ይገባል። ለብዙ ዓመታት የቴሌቪዥን መብቱ እንኳ ከሌላ ጋር ተጠቅልሎ ሲሸጥ ስለኖረ ዋጋው አልታወቀለትም። በሴቶች የመጋቢት ውድድር ያሸነፈ ቡድን ለኮንፈረንሱ የገንዘብ ድርሻ ማስገኘት የጀመረው ገና በ2025 ነው።

የዩኒቨርሲቲያችን ሪፖርት ገቢና ወጪው እኩል ነው ይላል። ታዲያ ኪሳራው የታለ?

በጣም የሚያሳስተው ይህ ነውና ረጋ ብለን እንየው። ሪፖርቱ ውሸት አይደለም፤ «ገቢ» የሚለው ቃል ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ስለያዘ ነው። አንደኛው ስፖርቱ ከውጭ ያመጣው ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲው ጉድለቱን ለመሙላት የሰጠው ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ብዙውን ጊዜ ወጪውን ያህላሉ፤ ድጎማው ባብዛኛው የሚሰጠው እስኪሞላ ድረስ ነውና።

አንድ የምሳሌ ዩኒቨርሲቲ እንውሰድ። የስፖርት ክፍሉ ወጪ 40 ሚሊዮን ዶላር ነው። ገቢው እንዲህ ተዘርዝሯል፦ ትኬት 3 ሚሊዮን፣ ከኮንፈረንስ፣ ከማኅበሩና ከቴሌቪዥን 5 ሚሊዮን፣ ልገሳና ስፖንሰር 4 ሚሊዮን፣ ትልልቅ ቡድኖች ሜዳ ሄዶ በመጫወት 2 ሚሊዮን፣ የተማሪዎች የስፖርት ክፍያ 16 ሚሊዮን፣ ከዩኒቨርሲቲው በጀት 10 ሚሊዮን። ድምሩ 40። ጉድለት፦ ዜሮ። ከውጭ የመጣውን ብቻ ሲደምሩት ግን 14 ሚሊዮን ነው። 26 ሚሊዮኑ፣ ማለትም ከመቶ 65ቱ፣ ድጎማ ነው።

ይህን በራስዎ ዩኒቨርሲቲ ላይ ለመሥራት፦

መጀመሪያ ትክክለኛውን ሰነድ ይያዙ። ሁለት ሪፖርቶች አሉ። አንዱ ለፌዴራል ትምህርት ሚኒስቴር የሚቀርበው ሲሆን በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው፤ ነገር ግን የተማሪ ክፍያንና ድጎማን ለይቶ አያሳይም፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ገቢያቸውን ልክ ወጪያቸውን አስተካክለው ይሞሉታል። በእሱ ላይ ተመሥርቶ «አተረፈ» ማለት ስህተት ነው። ሁለተኛው በየጥር ወር ለኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የሚገባው ዝርዝር ሪፖርት ነው፤ በኦዲተር የሚፈተሸውም ይኼ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በክፍለ ግዛቱ የመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። የግል ዩኒቨርሲቲዎች የመስጠት ግዴታ የለባቸውም።

ሰነዱ እጅዎ ሲገባ «የተማሪ ክፍያ»፣ «ቀጥተኛ የተቋም ድጋፍ» እና «ቀጥተኛ ያልሆነ የተቋም ድጋፍ» የሚሉትን ሦስት መስመሮች ፈልገው ይደምሯቸው፤ ከክፍለ ግዛቱ መንግሥት በቀጥታ የመጣ ካለም ይጨምሩበት። ድምሩን ለጠቅላላ ገቢ ያካፍሉት። የሚገኘው የድጎማ ድርሻ ነው። ቀጥሎ የሦስት ወይም የአምስት ዓመት ሪፖርት ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አንድ ዓመት ብቻውን ያታልላል፤ የአንድ ባለጸጋ ልገሳ፣ የአንድ አሰልጣኝ ስንብት ወይም አንድ የጎደለ የሜዳ ጨዋታ ቁጥሩን ይገለብጠዋል።

ስኮላርሺፕ እውነተኛ ወጪ ነው?

አንዳንዴ ነው፣ አንዳንዴ አይደለም። መልሱ ሂሳቡን ከሥሩ ሊለውጠው ይችላል። የስፖርት ክፍሉ ለአንድ ተጫዋች 50 ሺህ ዶላር የስኮላርሺፕ ክፍያ ሲከፍል ገንዘቡ ከግቢው አይወጣም፤ ከዩኒቨርሲቲው አንድ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ይዛወራል። ክፍል ውስጥ ባዶ ወንበር ካለ ለተጫዋቹ የሚወጣው እውነተኛ ገንዘብ የምግቡ፣ የመኝታውና የመጽሐፉ ነው፤ ምናልባት የተጻፈው ቁጥር ሲሶ። ዩኒቨርሲቲው ሞልቶ ከፍሎ የሚማር ተማሪ የሚመልስ ከሆነ ግን ተጫዋቹ የያዘው ወንበር ሙሉ ዋጋው ወጪ ነው።

ስለዚህ የስፖርት ደጋፊዎች «ኪሳራው በወረቀት ላይ ተጋኗል» ሲሉ ግማሽ እውነት አላቸው። ሌላው ግማሽ በተቃራኒው ይሄዳል። የስታዲየሙ የቦንድ ዕዳ በዩኒቨርሲቲው ስም ተይዞ ሊገኝ ይችላል፤ የግቢው ፖሊስ በጨዋታ ቀን ያወጣው ትርፍ ሰዓት፣ መብራትና ውኃው፣ የሕግ ክፍሉ ሥራ፣ እነዚህ ብዙ ጊዜ በስፖርቱ ሂሳብ አይገቡም። የአንዱን ማጋነን አርሞ የሌላውን መደበቅ የተወ ስሌት ሚዛኑን የሳተ ነው።

ጉድለቱን የሚከፍለው ማነው? እኛ ወላጆችስ እንከፍላለን?

በብዙ ትምህርት ቤቶች አዎን፣ በተለይ ቴሌቪዥን ላይ እምብዛም በማይታዩት። ከላይ ባለው ምሳሌ 16 ሚሊዮኑ በ20 ሺህ ተማሪ ሲካፈል ለአንድ ተማሪ በዓመት 800፣ በአራት ዓመት 3,200 ዶላር ይሆናል። ልጁ አንድ ጨዋታ ባያይም ይከፍላል። በብድር የሚማር ከሆነ ደግሞ ወለዱም አለ።

በቨርጂኒያ ለሚኖሩ ወገኖች ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ክፍለ ግዛቱ በ2015 ባወጣው ሕግ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ስፖርታቸውን ከተማሪ ክፍያና ከዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ሊደጉሙ የሚችሉበትን ጣሪያ ወሰነ፦ በኃያላን ኮንፈረንሶች ላሉት 20 በመቶ፣ በከፍተኛው ደረጃ ለሚጫወቱ ሌሎች 55 በመቶ፣ ከዚያ ዝቅ ላለው የፉትቦል ደረጃ 70 በመቶ። ገደብ ሆኖ የተጻፈው ቁጥር ራሱ ልማዱ ምን ያህል እንደነበር ይናገራል።

ሂሳቡ ሲመጣ ጠቅላላውን ብቻ አይተው አይክፈሉ። ትምህርቱን የሚመለከተው ክፍያና «የግዴታ ክፍያ» ተለይተው ይጻፋሉ፤ የስፖርቱ ገንዘብ ያለው በሁለተኛው ውስጥ ነው፣ ስሙም ሁልጊዜ ስፖርት አይልም፤ «የተማሪ አገልግሎት» በሚል ተጠቅልሎ ሊመጣ ይችላል። የተማሪዎች ሂሳብ ቢሮ ዝርዝሩን በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠይቁ። ክፍያውን ማስቀረት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፤ ሁለት ዩኒቨርሲቲ ለሚያወዳድር ቤተሰብ ግን ልዩነቱ በሺህ ሊቆጠር ይችላል።

ስኮላርሺፕ የማይሰጡ ትንንሽ ኮሌጆች ለምን ፉትቦል ይጀምራሉ?

እንግዳ ቢመስልም፣ ስፖርት ኮሌጁን በእርግጥ ሊጠቅመው የሚችለው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። በዲቪዥን ሦስት፣ ማለትም በማኅበሩ ዝቅተኛ እርከን፣ የስፖርት ስኮላርሺፕ የለም። ተጫዋቹ የትምህርት ክፍያውን የሚከፍል ተማሪ ነው። ትኬትና ቴሌቪዥን ከቁጥር አይገቡም፤ ገቢው ተማሪው ራሱ ነው። የተማሪ ቁጥር ለሚያሽቆለቁልበት የግል ኮሌጅ መቶ ተጫዋች ማለት መቶ ከፋይ ማለት ነው።

ስሌቱን በምሳሌ እንሥራው። አንድ ተጫዋች ከኮሌጁ ቅናሽ በኋላ ለትምህርት 18 ሺህ፣ ለመኝታና ለምግብ 10 ሺህ ይከፍላል፤ በድምሩ 28 ሺህ። እሱን ለማስተማርና ለማብላት ኮሌጁ ተጨማሪ 8 ሺህ ያወጣል እንበል። ከአንድ ተጫዋች 20 ሺህ ይተርፋል። የቡድኑ ወጪ፣ የአሰልጣኞች ደመወዝ፣ የራስ ቁርና ትጥቅ፣ አውቶቡስ፣ ኢንሹራንስና የሕክምና ባለሙያ፣ በዓመት 700 ሺህ ነው። መቶ ተጫዋች ሲመጣ 2 ሚሊዮን ተርፎ 700 ሺው ሲቀነስ 1.3 ሚሊዮን ይቀራል።

ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። ከመቶው ውስጥ 40ዎቹ ፉትቦል ባይኖርም ይመጡ ከነበር የፉትቦል ውጤት 60 ተማሪ ብቻ ነው፤ 1.2 ሚሊዮን ላይ 700 ሺህ ሲቀነስ 500 ሺህ ይቀራል። ቡድኑ ወጪውን የሚመልሰው 35 እውነተኛ አዲስ ተማሪ ሲያመጣ ነው። ተጫዋቾቹን ለማግባባት ቅናሹ በአምስት ሺህ ዶላር ከተጨመረ ደግሞ ትርፉ ከ20 ወደ 15 ሺህ ወርዶ የሚያስፈልገው ቁጥር 47 ይሆናል። ቦታ የማያገኝ የአንደኛ ዓመት ተጫዋች ደግሞ በሁለተኛው ዓመት ይሄዳል። ስለዚህ የሚጠየቀው ቁጥር በነሐሴ ስንት ሰው ልምምድ ላይ ተገኘ የሚለው አይደለም፤ በሦስተኛው ዓመት ስንቱ አሁንም ተመዝግቧል የሚለው ነው።

ትንሽ ቡድን ሄዶ በትልቅ ቡድን የሚደበደበው ለምንድን ነው?

ይከፈለዋል። ትልቁ የሜዳ ጨዋታ ያገኛል፣ ትንሹ ደግሞ ቼክ ይዞ ይመለሳል፤ አሁን ክፍያው ለአንድ የፉትቦል ጨዋታ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ለአንዳንድ ትምህርት ቤቶች የዓመቱ ትልቁ የውጭ ገቢ ይኸው ነው። በ2007 አፓላቺያን ስቴት 400 ሺህ ዶላር ተከፍሎት ሚሺጋን ሄዶ 34 ለ32 አሸንፎ ተመልሷል። እንዲህ ያለው ብርቅ ነው፤ ባብዛኛው የሚመጣው ሽንፈትና ጉዳት ነው፣ የተጫዋቾቹም ጉልበት የበጀቱ መሙያ ይሆናል።

ድል ተማሪና ልገሳ ያመጣል ይባላል። እውነት ነው?

ማመልከቻ ይጨምራል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ታይቷል። በ1984 የቦስተን ኮሌጁ ዳግ ፍሉቲ በመጨረሻዋ ሰከንድ በወረወራት ኳስ ማያሚን ካሸነፉ ወዲህ ክስተቱ በስሙ ይጠራል። በአላባማ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ኒክ ሴባን ከመጡበት ከ2007 እስከ መጨረሻቸው የተማሪው ቁጥር ከ25 ሺህ ገደማ ወደ 40 ሺህ ተጠግቷል፤ ከሌላ ክፍለ ግዛት የሚመጡና ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍሉ ተማሪዎች በዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ዩኒቨርሲቲው በዚያው ጊዜ በምልመላና በትምህርት ቅናሽ ላይም አጥብቆ ሠርቷል፤ ሁሉንም ለፉትቦል መስጠት ልክ አይሆንም።

ይህን ምሳሌ ይዞ ለሌላው መመኘት አደገኛ ነው። አንዱ ሲያሸንፍ ሌላው ይሸነፋል፤ ሁሉም ወጪውን ከፍ ቢያደርግ የአሸናፊው ቁጥር አይጨምርም። ልገሳውም ቢሆን ለተሻለ ወንበር ሲባል ለስፖርት የተሰጠ እንጂ ለቤተ መጻሕፍቱ የመጣ አይደለም። እስከ 2017 ማብቂያ እንዲህ ያለው «ልገሳ» 80 በመቶው ከግብር ይቀነስ ነበር፤ አሁን ቀርቷል።

የስታዲየም ዕዳ እንዴት ዩኒቨርሲቲ ላይ ይወድቃል?

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሊ ግቢ ጥሩ ማሳያ ነው። ስታዲየሙ የመሬት መንቀጥቀጥ ስንጥቅ ላይ የተሠራ በመሆኑ ማጠናከር የግድ ነበር፤ በ2012 ታድሶ ሲከፈት ከጎኑ ካለው የሥልጠና ማዕከል ጋር ወደ 445 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ዕዳ ጥሎ ነው። ዕቅዱ ወንበሮችን ለረጅም ዓመታት አስቀድሞ ሸጦ ዕዳውን መክፈል ነበር። ሽያጩ የታሰበውን ያህል አልሄደም፣ ቡድኑም ብዙ አላሸነፈም። በ2018 ዩኒቨርሲቲው ከዕዳው ከግማሽ በላዩን ከስፖርት ክፍሉ ወደ ራሱ አዛወረ። የስፖርት ሂሳቡ በአንድ ቀን ተሻሻለ፤ ዕዳው ግን አልቀነሰም። ሪፖርት ሲያነቡ «ጉድለቱ ቀነሰ» የሚል ካጋጠመዎ ዕዳው ወዴት እንደሄደ ይፈልጉ።

ቡድን መዝጋት ገንዘብ ያድናል?

ከሚታሰበው ያነሰ ነው። የተፈረመ ስኮላርሺፕ ይቀጥላል፣ የአሰልጣኝ ውል ይከፈላል፣ ሜዳው ጥገና ይፈልጋል፣ የቀድሞ ተጫዋቾች ልገሳቸውን ያቆማሉ። ስታንፈርድ በሐምሌ 2020 አሥራ አንድ ስፖርቶችን እንደሚዘጋ አስታውቆ ከቀድሞ ተማሪዎች ተቃውሞ በኋላ በግንቦት 2021 ውሳኔውን ሰረዘ። በበርሚንግሃም ያለው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ፉትቦሉን በታኅሣሥ 2014 ዘግቶ በሰኔ 2015 እንደሚመልሰው አስታወቀ፤ ቡድኑ በ2017 ሜዳ ገባ። እዚያ የቀረቡት ጥናቶች ራሳቸው አልተስማሙም፤ ከልዩነታቸው ዋናው ቅድም ያነሣነው ነበር፣ ስኮላርሺፕ በሙሉ ዋጋው ይቆጠር ወይስ በእውነተኛ ወጪው።

ቡድን መዝጋት ገንዘብ የሚያድነው ውሉ ሲያበቃ፣ አሰልጣኝ ሳይተካ ሲቀርና ሜዳው ለሌላ ሲውል ነው። ይህም ሦስት ወይም አራት ዓመት ይወስዳል።

ከ2025 ወዲህ ተጫዋቾች ይከፈላቸዋል ይባላል። ሂሳቡ እንዴት ተለወጠ?

በሰኔ 2025 ተጫዋቾች በማኅበሩ ላይ ያቀረቡትን ክስ ለመዝጋት ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ያጸደቁት ስምምነት ሁለት ነገር አደረገ። ትምህርት ቤቶች በ2025–26 እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲያካፍሉ ፈቀደ፤ ጣሪያው በየዓመቱ ከፍ ይላል። እንዲሁም ላለፉት ዓመታት ተጫዋቾች ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር በአሥር ዓመት ውስጥ ካሳ እንዲከፈል አደረገ። የካሳው ትልቁ ክፍል የሚገኘው ማኅበሩ በየዓመቱ ለትምህርት ቤቶች ያከፋፍል ከነበረው ገንዘብ ተቀንሶ ነው። ስለዚህ ለማንም ኮከብ የማይከፍል ትንሽ የዲቪዥን አንድ ትምህርት ቤትም ገቢው ይቀንሳል።

ክፍያው መምጣቱ ፍትሕ ነው ብለን እናምናለን፤ አሰልጣኞች በሚሊዮን ሲከፈላቸው ሜዳ ላይ የሚጋጨው ወጣት ባዶ እጁን መቅረቱ ትክክል አልነበረም። ሂሳቡ ግን ቀላል አይደለም፤ 20.5 ሚሊዮን አዲስ ወጪ ከላይ ካየነው የ8 ሚሊዮን ትርፍ ይበልጣል። ልዩነቱ የሚሞላው አንድም በአሰልጣኞች ደመወዝ ቅነሳ፣ አንድም በተማሪ ክፍያ ጭማሪ፣ አንድም ገቢ በሌላቸው ስፖርቶች ላይ በሚደረግ ቁጠባ ነው። ሦስተኛው ለኃላፊዎች ቀላሉ መንገድ ነው።

የሩጫ ቡድኖችስ? ልጄ ሯጭ ነው፣ ስኮላርሺፕ ሊያገኝ ይችላል?

ይችላል፤ ግን ሩጫ ገቢ ከማያመጡት ወገን መሆኑን አውቆ ይግባ። በ2020 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች የቤት ውስጥ የሩጫ ቡድኑን ዘጋ፤ ክሌምሰንም የወንዶች ቡድኑን እንደሚዘጋ አስታውቆ በ2021 ውሳኔውን ቀልብሷል። የመጀመሪያው ቁጠባ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እዚህ ነው።

ቀድሞ አንድ የዲቪዥን አንድ የወንዶች ቡድን ለሩጫ፣ ዝላይ፣ ውርወራና አገር አቋራጭ በአንድነት 12.6 ሙሉ ስኮላርሺፕ፣ የሴቶቹ 18 ነበራቸው፤ አሰልጣኙ ይከፋፍለዋል። አዲሱን ስምምነት በተቀበሉ ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፕ ገደቡ ቀርቶ የስም ዝርዝር ገደብ መጥቷል፦ ለሜዳ ተግባራትና ሩጫ 45፣ ለአገር አቋራጭ 17። በወረቀት ላይ ለሁሉም ሙሉ ስኮላርሺፕ መስጠት ይፈቀዳል፤ በጀቱ ግን ከፉትቦሉ የሚተርፈው ነው።

ስለዚህ ከመፈረም በፊት አሰልጣኙን እነዚህን መጠየቅ ተገቢ ነው። ስኮላርሺፑ የትምህርት ክፍያውን፣ መኝታውንና ምግቡን ከመቶ ስንት ይሸፍናል? ለአንድ ዓመት ነው ወይስ ለአራት? ጉዳት ቢደርስበት ይቀጥላል? ቡድኑ ቢዘጋ ትምህርቱ እስኪያልቅ ይከፈላል? መልሱ በቃል ሳይሆን በፊርማ ይሁን።

ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ ለሚመጣ ሯጭ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ስኮላርሺፕ መቀበል ይችላል፤ የኤፍ ዋን ቪዛ ግን ሥራ መሥራትን በጥብቅ ይገድባል፣ በትምህርት ወቅት ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው የሚፈቀደው። በስምና በምስል የሚገኝ የማስታወቂያ ገንዘብም ሆነ ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ የገቢ ድርሻ እንደ ሥራ ከተቆጠረ ቪዛውን ሊያሳጣው ይችላል። የጫማ ኩባንያ ወኪል ውል ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ፣ ቀጥሎ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር፤ ፊርማው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።